የባልዲው መጋረጃ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ባልዲውን ነው። ከበሩ ትይዩ፣ ጥጉ ላይ የተቀመጠ፣ ክዳን የሌለው ሰማያዊ ባልዲ። ሴቶቹን ያየሁ ከዚያ በኋላ ነው። ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ሁሉም ፊታቸውን ከባልዲው አዙረዋል።

ክፍሉ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር ብሎኬት የተነቀለበት አንድ ቀዳዳ ብቻ አለ። ወለሉ የተሰነጣጠቀ ሲሚንቶ ነው። ጫማዬንና ነጠላዬን በር ላይ ተቀብለውኛል። ነጠላው ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ጥበቃው «ሰው ይታነቅበታል» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነበር የተናገረው። እኔ ግን እንደ ቆምሁ ቀረሁ። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ራሴን ሳልከናነብ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ አላውቅም።

ከመያዜ በፊት ሞጣ ላይ የቤት ውስጥ ዲዛይን አስተምር ነበር። መስመር፣ ቅርጽ፣ ቀለም፣ ብርሃን፣ የዕቃው ልስላሴና ሻካራነት፣ ቦታ። ለአዳዲስ ሠልጣኞች ሁልጊዜ የምላት አንዲት ነገር ነበረችኝ፦ ባዶ ቦታም ዕቃ ነው፣ አታባክኑት። ብቸና ደርሼ ያ በር ላይ ስቆም ትምህርቴ ትዝ አለኝና አፈርሁ። በክፍሉ ውስጥ የነበረው ባዶ ቦታ በሙሉ ባልዲው ዙሪያ ነው። ሰው ሁሉ ከእሱ ሸሽቶ በአንድ ወገን ተደራርቧል።

የታሰርሁት በመጋረጃ ምክንያት ነው። ሀገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር የነበረበት፣ ኮከብ የሌለው ባንዲራ ሰው የሚያስይዝበት ጊዜ ነበር። የደብራችን ክብረ በዓል ሲደርስ የማኅበራችን ሴቶች አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጨርቅ በጣቃ እየገዛን ታቦቱ የሚያልፍበትን መንገድ እናስጌጥ ነበር። የተረፈው አይጣልም፤ በረከት ነው ተብሎ ይከፋፈላል። አንዷ የመሶብ ልብስ ታደርገዋለች፣ አንዷ የሥዕለ አድኅኖ መጋረጃ ትሰፋዋለች። እኔ የሳሎኔን መጋረጃ ሰፋሁበት። ቤቴ ጠባብ ነበር፣ ጣሪያውም ዝቅ ያለ። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የወረደ መስመር ደግሞ ጣሪያን ከፍ ያደርጋል። ሠልጣኞቼን ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ። ወሬው በማን በኩል እንደወጣ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈለግሁም።

ቤቴን ሊፈትሹ ከመጡት መካከል ኋላ ብቸና ላይ የመረመረኝ አዛዥ ነበረበት። ሌሎቹ ሶፋውን ሲገለብጡ፣ ቁም ሣጥኑን ሲያራግፉ፣ እሱ ሳሎኑ መካከል ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ነበር። በምርመራው ቀን ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ኮከቡን የት እንዳደረስሁት ጠየቀኝ። ከደብሩ ክብረ በዓል የተረፈ ነው አልሁት። በጥፊ መታኝ። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ያንኑ መለስሁለት። ደግሞ መታኝ። ወደ ዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ወደ ሩቅ እስር ቤት ከሚጫኑት አንዷ እንደምሆን የነገረኝ ጨርቁን መልሶ እያጣጠፈ ነው።

በክፍላችን አንዲት እማሆይ ነበሩ፤ ልጅዎን አምጡ ተብለው የተያዙ። ውኃ ሲታደል ጣሳቸውን ከጎናቸው ላለችው ሴት ያቀብሉ ነበር። ጾም ይዘው መስሎኝ ነበር። ከጤና ጣቢያ የተወሰደች ነርስ አብራን ነበረች፤ የእማሆይን እጅ ቆንጠጥ አድርጋ ቆዳው ተነሥቶ እንደሚቀር አሳየችኝ። የልጅ ልጆቼ በሚሆኑ ሴቶች ፊት ባልዲ ላይ አልቀመጥም ብለው ውኃ መጠጣት አቁመዋል። እንዲህ ከቀጠሉ ኩላሊታቸው አይችልም አለችኝ፣ ጆሮዬ ሥር። ዓይናችንን እንጨፍናለን፣ እንዘምራለን ብለናቸው ነበር።

«እናንተ ብትጨፍኑ እኔ ራሴን አያለሁ» አሉን።

ነርሷ ቀልደኛ ናት። ባልዲውን «ቢሮ» ትለው ነበር፤ ልትነሣ ስትል «ስብሰባ አለብኝ» ትላለች። ሁላችንም እንስቃለን። እማሆይም ይስቃሉ፣ ከንፈራቸው እየተሰነጠቀ። ውኃውን ግን አይጠጡም። ለጥበቃዎቹ አንዲት ክንድ ጨርቅ ብቻ ስጡን ብለን ለመንን፤ ጨርቅ ክልክል ነው ተባልን።

አንድ ረፋድ ላይ ስሜ ተጠራ። ሁላችንም የዓባይ ማዶው ጉዞ ነው ብለን ነበር። እማሆይ ተነሥተው ሊመርቁኝ ፈለጉ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ተንበርክኬ ግንባሬን አቀረብሁላቸው፤ በአውራ ጣታቸው አማተቡብኝ። ጣታቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ነበር።

የጫኑኝ ፒካፕ ግን ወደ ዓባይ በሚወስደው የደጀን መንገድ አልወረደም። በከተማው ውስጥ ዞሮ አዲስ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ፊት ቆመ። አዛዡ በር ላይ ነበር፤ የደንብ ልብስ አልለበሰም። ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ ሳሎን አስገባኝ።

«ቤትሽ ከዚህ ያንሳል» አለኝ። «ግን ሰፊ ይመስል ነበር። ይኼ ለምን ያፍናል?»

የተናገረው ሊገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ። ወጥመድ መስሎኝ ፊቱን አየሁ። ሊያገባ ነው፤ ለቅልቅል የሙሽራዪቱ ወገኖች ይመጣሉ፤ ሰው ሲገባ መተላለፊያ የለም፣ ይጨንቃል እያለ ያስረዳኛል። ሁለቴ በጥፊ የመታኝ እጅ ወደ ጂፕሰም ኮርኒሱ እያመለከተ ነው። በባዶ እግሬ ምንጣፉ ላይ ቆሜ፣ ልስላሴው እንኳ አስደነገጠኝ።

ልመልስለት አልፈለግሁም። ዓይኔ ግን ሳያስፈቅደኝ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ትልቁ ቡፌ የመስኮቱን እኩሌታ ይዟል። ፍሪጁ ከሶፋው ጋር ተጋፍቶ ቆሟል። ሶፋው የቀረውን ግድግዳ ሁሉ ከብቧል። ግድግዳው ላይ በግማሽ ቁመት አግድም የተሰመረ ወፍራም ቡናማ ቀለም አለ፤ ጣሪያውን ጎትቶ ያወርደዋል።

«ቤቴን ሰፊ ያስመሰለው መጋረጃው ነበር» አልሁት።

ፖሊሶቹ ጫማቸውን አዩ።

ቡፌውን ከመስኮቱ ላይ አንሡ አልኋቸው። መግፋት ሲጀምሩ አንዲት አሮጊት ከጓዳ ወጡ። እናቱ ናቸው፤ ለሰርጉ ሲሉ ከጉንደ ወይን ወጣ ካለ ገጠር የመጡ። እኔን ሲያዩ ደነገጡ።

«ምነው ልጄ፣ ራስሽን ሳትከናነቢ? ሐዘን ላይ ነሽ?»

«ባለሙያ ናት፣ እማዬ» አለ አዛዡ።

«ባለሙያ ነጠላ አትለብስም ያለህ ማነው?» ብለው ወደ ጓዳ ተመለሱ። የራሳቸውን የክት ነጠላ አምጥተው በእጃቸው አከናነቡኝ። የሳጥን ሽታ ነበረው። እንባዬ እንዳይታይ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

ያን ጊዜ ነው ቡፌው ከመስኮቱ የለቀቀ። ብርሃኑ ገብቶ ጨለማ የነበረውን የውስጡን ግድግዳ መታው። እዚያ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል። በግራና በቀኝ መጋረጃ ተደርጎላታል፣ መሐሉ በክር ታስሮ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ኮከብ የለውም።

አሮጊቷ ዓይኔን ተከትለው አዩና ደስ አላቸው።

«ያምራል አይደል? ከደብራችን ክብረ በዓል የተረፈ ነው። በረከት ነው ብለው ሰጡኝ፤ ትናንት እኔ ነኝ የሰቀልሁት።»

የእኔን መልስ ነበር የሚናገሩት፣ ቃል በቃል። ጉንጬ ጥፊውን የሚጠብቅ ይመስል ደንዝዞ ጠበቀ። የመታቸው አልነበረም። ልጃቸው አፉን ገርበብ አድርጎ ጨርቁን ያያል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ከሁለቱ ፖሊሶች አንዱ ጨርቁን አየ፣ አዛዡን አየ፣ ከዚያ ምንም እንዳላየ ሰው ቡፌውን በመዳፉ መጥረግ ጀመረ። እናትየው ብቻ ፈገግ እንዳሉ ነበሩ። ውኃ ላምጣልሽ ብለው ወጡ።

አዛዡ ወደ እኔ ተጠጋ። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«እሱስ? ይውረድ?»

ብዙ ማለት እችል ነበር። ግን እኚያ ሴት ተመልሰው ሲገቡ የእመቤታችን ግድግዳ ባዶ ሆኖ ሲያዩት ታየኝ።

«እሱ ቦታውን ይዟል» አልሁት። «አይነካ።»

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ፣ ወደ በሩ እያየ።

መፈታቴ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ቤቴ ታየኝ፣ የዓባይ ድልድይ ታየኝ። ከዚያ ግንባሬ ላይ ያረፈው ደረቅ ጣት ትዝ አለኝ።

«መጋረጃ» አልሁት። ቃሉን ከአፌ ስሰማው እኔም ደነገጥሁ። «ለባልዲው።»

እናቱ ውኃውን ይዘው ገቡ፤ በሁለት እጄ ተቀብዬ ጠጣሁ።

እስር ቤቱ በር ላይ ጥበቃው እንደ ልማዱ ነጠላውን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። አዛዡ ከመኪናው አልወረደም፤ ወደ እኛም አልዞረም።

«ተዋት» አለ።

ከመጋዘኑ ግድግዳ ሳይቆረጡ የቀሩ ሁለት የፌሮ ብረት ጫፎች፣ አንዱ ከጥጉ በዚህ፣ አንዱ በዚያ፣ ወጥተው ነበር። ነጠላውን ከራሴ አወረድሁት። ስስ ነው፤ አጥፌ ድርብ አደረግሁት፣ ጫፎቹን ከፌሮው ጋር አሰርሁ። ጥለቱ ወለሉን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ያን ክፍል ካየሁ ጀምሮ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ስመለከት የመጀመሪያዬ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ማንም አላዘዘውም። በአንድ ወገን ተደራርበው የነበሩት ሴቶች አንድ በአንድ ወደ ባዶው ቦታ ፈቀቅ አሉ። አንዷ እግሯን ዘረጋች። ሌላዋ በጀርባዋ ተጋደመች። ግድግዳው አልተነካም፣ ሰውም አልተቀነሰም፤ ክፍሉ ግን ሰፋ። ለብዙ ዓመት በሰሌዳ ላይ እየሣልሁ ያስተማርሁት ነገር እውነት መሆኑን ያን ቀን በዓይኔ አየሁ።

«ቢሮው በር ወጣለት» አለች ነርሷ።

እማሆይ ግን እኔን ነበር የሚያዩት።

«አንቺስ በምን ተከናንበሽ ትጸልያለሽ?»

«ጸጉሬን እግዚአብሔር ቆጥሮታል፣ እማሆይ።»

እማሆይ ጣሳቸውን ከወለሉ አነሡና ለነርሷ ዘረጉላት።

«ውኃ ተርፏል?» አሉ።

ዓባይን አላሻገሩኝም። ለምን እንደተያዝሁ በወጉ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደተፈታሁም አልነገሩኝም። እማሆይ ከእኔ ቀድመው በእግራቸው ወጡ። ነጠላውን እዚያው ትቼው ወጣሁ። የአዛዡ እናት ግድግዳ ላይ የነበረው ጨርቅ ይውረድ አይውረድ አላውቅም።

አሁን የምኖረው ሆላንድ ነው። እዚህ ሰዎች ሲመሽ እንኳ የመስኮታቸውን መጋረጃ አይዘጉም፤ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ራታቸውን ሲበሉ ያያቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን እነሱን ወክዬ እኔ አፍር ነበር። ኋላ ለመድሁት። አይቶ የሚያስከፋቸው የለም ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ለጸሎት ስነሣ ነጠላዬን ከመከናነቤ በፊት ዛሬም እጄ ላይ ይዤው ትንሽ እቆማለሁ። ከእኔ ይልቅ የሚያስፈልጋት ሰው ካለች ብዬ ዙሪያዬን አያለሁ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ በሩም ይዘጋል። ማንም የለም። ከዚያ እከናነባለሁ።