የቁልቁለቱ ሚኒስትር

ይህን ስማ፣ ያልሰማህ አሰማ! ከከተማዋ ጀርባ፣ እግረኛና ብስክሌተኛ በሚጋሩት የሽርሽር መንገድ ዳር የሚቀመጡት ሽማግሌ፣ ያለ ሹመትና ያለ ደመወዝ የቁልቁለቱ ሚኒስትር ሆነዋል። ማዘጋጃ ቤቱ መንገዱን «ለቤተሰብ የተመቸ» ብሎ አስመርቆታል። ከቁልቁለቱ ሥር ያለውን የበሰበሰ የእንጨት ድልድይ እንኳ አልረሳውም፤ ቀለም ቀብቶታል።

በሽማግሌው ኮት ኪስ ውስጥ የልጅ ብስክሌት ደወል አለ። ሲጨነቁ በአውራ ጣታቸው ይዳብሱታል እንጂ አያስጮሁትም። ብስክሌቱ የት ደረሰ ብሎ የጠየቃቸው የለም።

አንዲት ወጣት በብስክሌት እየበረረች ስትመጣ ዘለው መሀል መንገድ ገቡ።

«ውረጂ ልጄ! ዳር ዳሩን እየገፋሽ እለፊ!»

«ውይ አባባ፣ ደግሞ ትራፊክ ሆኑ?»

«ስድቡን ድልድዩን ተሻግረሽ ትጨርሺዋለሽ።»

እየሳቀች ከብስክሌቱ ወርዳ እየገፋች አለፈች። እሳቸው አልሳቁም፤ ጎማዋ ከሳንቃው አልፎ አፈር እስኪረግጥ ትንፋሻቸውን ውጠው አዳመጡ። ከዚያ ሳል ይዟቸው ጎንበስ አደረጋቸው። ሰሞኑን ብሶባቸዋል፤ ነገ ከአልጋ መነሳታቸውን እንጃ።

የተከበሩ አንባቢ ሆይ፣ ማዘጋጃ ቤቱን እንኳ አላስቸግርም፤ ሌላ ቀለም ያመጣብናል። እርስዎ ግን ነገ በዚያ ካለፉና ዳር ላይ ማንም ከሌለ፣ የጎማ ድምፅም ከሰሙ፣ እባክዎ…