ሁለት ቀኝ እጅጌ

ልብስ ቆራጯ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መቀስ ይዛ አንድ ክንድ ጨርቅ አላበላሸችም ነበር። ዳማ ዳማ ጨርቅማ፣ ያ አራት ማዕዘን የበዛበት፣ ከእሷ ሌላ የሚደፍረው አልነበረም። እሱ እንደ ሌላው ታጥፎ በድርቡ አይቆረጥም፤ መስመሩ እንዲገጥም ተዘርግቶ በነጠላው ነው። አንዱን እጅጌ ቆርጦ፣ የወረቀቱን ንድፍ ገልብጦ፣ ከዚያ ሌላውን። መገልበጡን የረሳ ሁለት ቀኝ እጅጌ ታቅፎ ይቀራል።

ረሳች። አንድ ጊዜ፣ በወሩ ደግሞ ሌላ።

«እህቴ፣ ይኼ ደንበኛ ግራ እጁን የት ጥሎት መጣ አለሽ?» አላት የስፌት ሱቁ ባለቤት። ሰፊዎቹ ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። በማግስቱ ግን መቀሱ ለአዲስ ቆራጭ ተሰጠ፤ እሷ ጥግ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክል ጀመር።

መርሳቱ ቢያሳስባት ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ ነው አላት። የነርቩ ሽፋን እየተላጠ እግር እንደሚደክመው ሁሉ ሐሳብም ይዘገያል፣ ይረሳል።

«ለመርሳቱ የምሰጥሽ ኪኒን የለኝም። ግን አንድ ጥናት አለ፣ ፈቃድሽ ከሆነ።»

አራት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ሄደች። ነርሷ ሁለት እርጥብ ስፖንጅ፣ አንዱን ግንባሯ ላይ፣ አንዱን ፀጉሯ መሃል፣ በላስቲክ ታስርና ቀጭን ኤሌክትሪክ ትለቅባታለች። እሷ ሃያ ደቂቃ ኮምፒውተር ላይ ምስል ታዛምዳለች።

«ያቃጥላል እንዴ?»

«ጉንዳን የሄደብዎት ያህል ቢያሳክክ ነው፣ እናቴ። ግን ልንገርዎት፣ ግማሹ ሰው እውነተኛውን ያገኛል፣ ግማሹ ለይስሙላ ነው። የትኛው እንደደረሰዎት እኔም አላውቅ።»

«አንቺም እንደኔው ነሽ በይኛ፣ የያዝሽውን አታውቂም!»

ነርሷ ፀጉሯን በጣቷ ስትከፍልላት ዓይኗን ትጨፍናለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ራሷን የነካ ሰው አልነበረም። ጉንዳኑ መጣም ቀረም፣ ለዚያች እጅ ስትል ግማሽ ሰዓት ቀድማ ትደርሳለች።

በሽታዋን ለማንም አልተናገረችም። ታናሽ እህቷ ሌላ ከተማ ሦስት ልጅ ታሳድጋለች፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች። «እንዴት ነሽ እትዬ?» «ደህና ነኝ።» በቃ። ዝም አይነቅዝም ብላ ያዘችው።

አራተኛው ሳምንት ሲያልቅ ባለሱቁን ለብቻው ጠብቃ፣ «ጋሼ፣ አንድ ኮት ልቁረጥ። ዳማውን፣» አለችው።

«ካበላሸሽስ?»

«ከዚያ ወዲያ መቀስ አልጠይቅዎትም።»

ድሮ በአንድ ሰዓት የምትጨርሰው እስከ ምሳ ፈጀባት። ገና ሳትቆርጥ ጨርቁ ላይ በጠመኔ «ቀኝ»፣ «ግራ» ብላ ጻፈች፤ ወረቀቱን ገለበጠች፤ መገልበጧን ተጠራጥራ እንደገና አየች። ባለሱቁ እጅጌዎቹን ፊት ለፊት አጋጠማቸው። ጥንድ ናቸው።

«ዳማ ሲመጣ ያንቺ ነው። የቀረውን አዲሱ ይቁረጥ፤ ዘግይተሻል፣» አላትና ሄደ።

የረዳት ኤሌክትሪኩ ይሁን ጠመኔው አላወቀችም። ቤቷ ገብታ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ እህቷ ጋ ደወለች።

«ሁለቱም እጅጌ ልክ መጣ!»

«የምን እጅጌ? ምነው ዛሬ፣ በደህና ነው?»

«የዳማው ኮት። ቀኝና ግራ ሆነልኝ።»

«አይ እትዬ! ሠላሳ ዓመት ስትቆርጪ ሳይሆንልሽ ቀርቶ ያውቃል?»

ከወዲያ በኩል የልጆቹ ጫጫታ ይሰማል። ሌላ ጊዜ ቢሆን «እሱስ ነው» ብላ፣ ስቃ ትዘጋው ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ያውቃል፣» አለች። «ሁለት ጊዜ። ስሚኝ፣ እስቲ ልጆቹን ዝም አሰኚልኝ።»