የድሮው የወንዶች በር

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ መብራት በመጣ ቀን ማለቴ ነው። በፕሮግራም ስዕል መሳል ሳስተምር ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ነው። ጎጆ እንስላለን ይሉና ጣራው ወደ ታች ተዘቅዝቆ ይመጣል። ደብተር ላይ ከታች ወደ ላይ መቁጠር ለምደዋል፤ ስክሪን ግን ከላይ ከግራው ጥግ ተነስቶ ወደ ታች ነው የሚቆጥር። ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት ከየት እንደምትነሱ፣ ወዴት እንደምትሄዱና በምን ልክ እንደምትለኩ እወቁ፣ አለዚያ ቁጥሩ ወሬ ነው እላቸዋለሁ። ይህን ስናገር እጮሃለሁ። ቁጡ ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

እናቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ታማ ተኝታለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአባቴ ጎን መቀበር። አባቴ የተቀበረ ዕለት አጎቴ ከቤተ ክርስቲያኑ የወንዶች በር ተነስቶ፣ እግሩን ከእግሩ እያስከተለ፣ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ እስከ መቃብሩ ድረስ በጫማ ለካ። በእኛ መንደር መቃብር ላይ ድንጋይ ይከመራል እንጂ ስም አይጻፍም። ቤተ ክርስቲያን ከቦታው አይነቃነቅም ብለን ሁላችንም የምንለካው ከበሩ ነው። እናቴ ሁለቱን ቁጥሮች እንደ ዳዊት ትደግማቸዋለች።

ከዚያ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በሕዝቡ መዋጮ ትልቅ ተሠራ። ታቦቱ ለጊዜው ከቆየበት መቃኞ ወጥቶ አዲሱ መቅደስ ሲገባ እናቴ በደስታ አልቅሳለች። አዲሱ ሰፊ ስለሆነ የቆመው ከድሮው ቦታ ፈቀቅ ብሎ ነው። የመቃብሩ ድንጋይም ተለቅሞ ለመሠረት ገባ። አጎቴም ሞቷል፤ የእግሩን ልክ የሚያውቅ የለም።

አንድ ሽማግሌ ቄስ ዘንድ ሄጄ፣ «አባ፣ የድሮው የወንዶች በር በየት በኩል ነበር? ያስታውሳሉ?» አልኳቸው።

በመቋሚያቸው አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ አመለከቱ። «እዚህ ነው እንዳልልህ በሩ አጠገብ የነበረው ዋንዛም ተቆረጠ። እግዜር ያውቃል፣ ልጄ» አሉኝ።

ያም ሆኖ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የግቢውን ስፋት ለክቼ አስገባሁ፣ በሩን ገመትኩ፣ የአጎቴን ጫማ ገመትኩ፣ አንድ ጫማ ስንት ፒክስል እንደሚሆን ወሰንኩ። የአባቴን መቃብር የምታመለክት ቀይ ነጥብ ወጣች። በሩን ጥቂት ሳዛውረው ነጥቧ በቅርቡ የተቀበረ ሌላ ሰው መቃብር ላይ አረፈች። ጫማውን ሰፋ ሳደርገው ከአጥር ውጭ፣ የሰው እርሻ ውስጥ ገባች። ኮምፒውተሩ አንድም ጊዜ አላውቅም አላለኝም፤ የሰጠሁትን ሁሉ ሳያፍር ይስላል። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ተስፋ ቆርጬ ዘጋሁት።

«አገኘኸው?» አለችኝ እናቴ፣ አልጋዋ ጫፍ እንደተቀመጥኩ።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ልዋሻት ነበር፤ አፌ እምቢ አለ። «አላገኘሁትም፣ እማዬ።»

«ቁጥሩን ነግሬህ የለ?»

«ነግረሽኛል።»

ዓይኗን ጨፍና ሁለቱንም ቁጥሮች ቀስ ብላ፣ እየተጠነቀቀች፣ እንደገና አለቻቸው። አንዱንም አልሳተችም። ከዚያ እጄን ይዛ፣ «ታዲያ ምኑን ነው የረሳሁት፣ ልጄ?» አለችኝ።