ሙጫ ሲሉኝ እኔን መስሎኝ

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ በውል አላስታውሰውም። ሁለተኛ ክፍል ልሁን ሦስተኛ ይምታታብኛል፤ ከአራተኛ በላይ ስላልተማርኩ ግን ከዚያ አያልፍም። የማልረሳው ገብስ ታጭዶ ጎባ ገለባ ገለባ የምትሸትበት ሰሞን እንደ ነበር፣ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው እንደ ነበርና በአንዲት ቃል ምክንያት የሰው ሠርግ ላፈርስ ትንሽ እንደ ቀረኝ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት ሮቤ ወዳለችው የልብስ ስፌት ቤቴ የመጣች ወጣት ናት። ክሩ የተበጠሰ የአንገት ጌጥ በመሐረብ ቋጥራ ይዛ፣ "አባባ፣ እርስዎ ጋ ጠንካራ ክር አለ ብለውኝ ነው" አለችኝ። መሐረቡን ስፈታው የማር መልክ ያላቸው ትልልቅ ዶቃዎች ጠረጴዛው ላይ ተንከባለሉ። አምበር ናቸው። አንዱን አንስቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋሁት። ጎኑ ላይ ጥቁር ጠባሳ አለ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ። አውራ ጣቴን አሳረፍኩበት። ጠባሳው እንደ ድሮው ነው፤ ጣቴ ግን አድጎበታል። ልጅቷን "ነገ ነይ" ብዬ ሸኘኋትና ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ልጅ እያለሁ ድንጋይ ያስገርመኝ ነበር። ከቶጎና ወንዝ ዳር ነጩንም ቀዩንም ዥንጉርጉሩንም እየለቀምኩ ኪሴ ውስጥ ስለምከት፣ ሱሪዬ ከጉልበቱ በፊት የሚቀደደው ከኪሱ ነበር። እናቴ እየሰፋች ትቆጣለች፣ የሰፈር ልጆች ደግሞ "ጠጠር" ይሉኛል። ፊደል ያስቆጠሩኝ መሪጌታ አንድ ቀን በአሮን ደረት ላይ ስለ ነበሩት አሥራ ሁለት የከበሩ ድንጋዮች ነገሩን፤ ሰርድዮን፣ ቶጳዝዮን፣ ሰንፔር እያሉ። ምን እንደሚመስሉ ባላውቅም ስማቸውን እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ እያገላበጥኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

የከበረ ድንጋይ በዓይኔ ያሳዩኝ ግን ሐጂ ቃሲም ናቸው። ሐጂ በገበያ ቀን ምንጣፍ አንጥፈው የብር ቀለበት፣ ዛጎል፣ ጨሌ፣ ቀይ አቂቅና አምበር የሚሸጡ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ የሱፍ ኮት የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ዕቃውን የሚገዙት ሼክ ሁሴን ወደሚባለው የተቀደሰ ስፍራ ለዝያራ ሲሄዱ ከባሕር በኩል ከሚመጡ ነጋዴዎች ነው። አቂቅ ቁጣ ያበርዳል፣ አምበር ሕፃንን ከወፍ በሽታ ይጠብቃል ብለው ያወራሉ፤ እውነት ነው ወይ ብሎ የሚጠይቃቸው ሲመጣ ደግሞ፣ "ይላሉ እንግዲህ፤ እኔ የምሸጠው ዶቃውን ነው" ይላሉ።

መሪጌታን ሰርድዮን ምን ዓይነት ነው ብዬ ብጠይቃቸው እንደ ሥጋ ቀይ ነው አሉኝ። ሐጂ ምንጣፍ ላይ ያለው አቂቅም እንደ ሥጋ ቀይ ነው። አንድ ነገር ሁለት ስም ሊኖረው እንደሚችል ያን ጊዜ ገባኝ። አንድ ስም ሁለት ነገር ሊሆን እንደሚችል ግን ገና አልገባኝም ነበር።

አንድ የገበያ ቀን አንድ ገበሬ አቂቁን ብርጭቆ ነው ብሎ ተከራከረ። ሐጂ ከገበሬው ራስ ላይ አንዲት ጸጉር ነቀሉና ድንጋዩ ላይ ጥብቅ አድርገው ጠመጠሟት። ከሻይ ሻጯ ምድጃ ፍም አስመጥተው ጸጉሯን ነካ አደረጓት። አልተቃጠለችም። "እውነተኛ ድንጋይ አይቃጠልም፤ በላዩ ያለውንም አያስቃጥልም" አሉ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ገበሬው ሲሄድ ወደ አምበሩ አመልክቼ፣ "ሐጂ፣ ይሄስ?" አልኳቸው። ብር እየመዘኑ ነበር፤ ቀና ሳይሉ "ሙጫ" አሉኝ።

ጎባ ላላደገ ሰው ይህን መንገር አለብኝ። እኛ ሰፈር አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ አፍ ነው የሚነገረው፤ በኦሮምኛ ደግሞ ሙጫ ማለት ልጅ ማለት ነው። ትልቅ ሰው ሁሉ እኛን "ያ ሙጫ" እያለ ነው የሚጠራን፣ ሲልከንም ሲያባርረንም። እኔም ሐጂ "አንተ ልጅ፣ ሥራ ላይ ነኝ" ያሉኝ መስሎኝ፣ እሺ ብዬ ሄድኩ።

ጎረቤታችን ጀማል የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ታላቅ እህቱ ለአንድ የሲናና ገበሬ ልጅ ታጭታለች። እኔ እሷን "እታለም" ነበር የምላት፤ ታላቅ በስም አይጠራም ተብለን ነው ያደግነው። ልጁን ወዳዋለች፤ ለማንም አልተናገረችም እንጂ ውኃ ስትቀዳ ታንጎራጉር ስለ ነበር ሰፈሩ ሁሉ አውቋል። የልጁ እናት በሽማግሌዎች እጅ የራሳቸውን የአምበር ጌጥ ልከውላታል፣ ከእናታቸው የወረሱትን። ጀማል ሊኮራብኝ ፈልጎ፣ ቤት ሰው የሌለ ጊዜ ከሣጥን አወጣውና አሳየኝ።

"ድንጋዩ እውነተኛ ነው?" አልኩት።

"አንተ ነህ የምታውቀው፣ ጠጠር" አለኝ።

በዚህ ቃል ኮራሁ። ከራሴ ጸጉር ነቅዬ ትልቁ ዶቃ ላይ ጠመጠምኩና ከምድጃው ፍም አስጠጋሁበት። ጸጉሩ ተንጨርጭሮ ጠፋ። ዶቃው ጨሰ፣ ጠቆረ። ደንግጬ በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ሰም እሺ አለኝ፤ ጣቴም ተቃጠለ። ይህን ጊዜ ነው የእነ ጀማል አክስት በጓሮ በር የገቡት።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። አክስታቸው ምላሳቸውም እጃቸውም ፈጣን ነበር፤ ዓይናቸው ከዶቃው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አርጩሜው ሲሄድ አየሁ። ሳላስበው፣ "ውሸት ነው! ሐጂ ቃሲም ናቸው ያሉት፤ እውነተኛ ድንጋይ አይቃጠልም" አልኩ። አርጩሜው ባለበት ቀረ። አክስትየው ዶቃውን እያገላበጡ፣ "አይ ሲናና፣ ፕላስቲክ አንገቷ ላይ አስረው እንደ ጥጃ ሊነዷት ኖሯል" አሉ። እኔም ሳልገረፍ ወጣሁ።

በማግስቱ ወሬው ሰፈር ሞላ። የእታለም አባት እህል ነጋዴ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ሐጂ ያሉት ከሆነ ሌላ ምስክር አያሻም አሉ፤ ሐጂ ደግሞ ለዝያራ ወደ ሼክ ሁሴን ሄደዋል። ለዓርብ፣ ለጁምዓ፣ ሽማግሌዎች ጌጡን ይዘው ሲናና እንዲሄዱ፣ ነገሩም እዚያው እንዲያበቃ ተወሰነ። ከዚያ ወዲያ እታለም ውኃ ስትቀዳ ማንጎራጎሯን ተወች። እኔ ምግብ አልበላ አለኝ። እናቴ ወባ ነው ብላ ግንባሬን ትዳብሳለች።

ሐሙስ ከሰዓት ቶጎና ዳር ተቀምጬ ጠጠሮቼን አንድ በአንድ ወደ ወንዙ ስወረውር፣ እታለም እንስራዋን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ትሰድበኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ሲቃጠል ምን ሸተተህ?" አለችኝ።

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አሰብኩና፣ "ቤተ ክርስቲያን" አልኳት።

"እኔ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ አላውቅ። ቤተ ክርስቲያን ምን ይሸታል?"

"ዕጣን።"

እሷም አንድ ጠጠር አንስታ ወደ ወንዙ ወረወረች። ከዚያ፣ "ፕላስቲክ ዕጣን ይሸታል?" አለችኝ። እኔ የተቃጠለ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ ሸትቼ አውቃለሁ፤ አይሸትም አልኳት። ከዚያ ነው እንባዬ የመጣው። ከአርጩሜው ለማምለጥ ብዬ ነው ውሸት ነው ያልኩት ብዬ ነገርኳት። ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር። ተነስታ እንስራዋን አዘለችና፣ "ሐጂ ዛሬ ማታ ይገባሉ ተብሏል። ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ለእኔ የነገርከኝን ለአባቴም ትነግራለህ፤ እኔ አጠገብህ ነኝ" አለችኝ።

ጠዋት ሐጂ ገና የመንገድ አቧራቸውን ሳያራግፉ በራቸው ላይ ቆምን። ታሪኩን ሰምተው ሲጨርሱ እኔን ትክ ብለው አዩኝ።

"አንተ፣ አምበር ድንጋይ ነው ያለህ ማነው?"

"ሁሉም ድንጋይ ነው የሚለው፣ ሐጂ።"

"እኔ ጠይቀኸኝ የለም? ሙጫ ነው አላልኩህም?"

"እኔን የጠሩኝ መስሎኝ" አልኩ።

ሐጂ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው በራፉ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እታለምም ስንት ቀን ዘግታ የከረመችውን አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ሐጂ፣ ለአማራ ልጅ ብዬ በአማርኛ ብመልስለት በኦሮምኛ ሰማኝ እያሉ የኮታቸውን አቧራ አራግፈው ተነሱ።

እነ እታለም ቤት ስንደርስ ሽማግሌዎቹ በቅሎ ጭነው ሊወጡ ነበር። ሐጂ ጌጡን ከተቋጠረበት መሐረብ አስፈቱ። አምበር ድንጋይ ሳይሆን ድሮ ከዛፍ የፈሰሰ ሙጫ እንደሆነ፣ እሳት ሲነካው መጨሱና ማወዱ እውነተኛነቱ እንደሆነ ተናገሩ። ከዚያ አንዱን ዶቃ በሱፍ ኮታቸው እጅጌ ላይ ፈተግ ፈተግ አድርገው ደጁ ላይ ወደተበተነው የገብስ እብቅ ዝቅ አደረጉት። እብቁ ብድግ ብድግ እያለ ዶቃው ላይ ተለጠፈ። በቅሎዋን የያዙት ሽማግሌ ሳይቀሩ ለማየት አጎነበሱ። አክስትየው፣ "እኔስ መልኩን አይቼ ጠርጥሬ ነበር" አሉ።

የቀረው የእኔ ነበር። እታለም ከኋላዬ ቆማ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። አባቷን እሷም ትፈራቸዋለች። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት፣ እንዳልገረፍ ብዬ ነው ውሸት ነው ያልኩት አልኩ። አባቷ ወደ እኔ ዞሩ። ሐጂ ጣልቃ ገብተው፣ "ቃሉን አንጠልጥዬ የላክሁት እኔ ነኝ፤ ግማሹ ጥፋት የኔ ነው" አሉ። አባቷ ሽማግሌዎቹን በቅሎዋን አራግፏት አሏቸውና ለእኔ፣ "ያ ሙጫ፣ ና ቁርስ ብላ" አሉኝ። ሐጂ እንደገና ሳቃቸው መጣ። ጠባሳውን በሞረድ ላንሳልሽ ቢሏት ደግሞ እታለም እምቢ አለች። "ይኑር" አለች፣ ሌላ አልጨመረችም።

ልጅቷ በማግስቱ መጣች። ክሩን እየቋጨሁ አምበር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ ብላት ስልኳን አውጥታ፣ አፍታም ሳይቆይ፣ ከሰው ዘመን በፊት ከዛፍ ፈስሶ የደረቀ ሙጫ እንደሆነ፣ ሆዱ ውስጥ ትንኝ የተያዘበትም እንዳለ በሥዕል አሳየችኝ። ጥሩ ነው። እኛ ለማወቅ ማቃጠል ነበረብን። አሁን ሮቤ ገበያ ይህንኑ የሚመስል ፕላስቲክ እንደ ልብ ነው፤ ወስዶ እጅጌው ላይ የሚፈትግ ሰው ግን አላየሁም። ሙጫ ብሎ የሚጠራኝም አሁን የለም፤ አባባ ነው የምባለው።

ጠባሳ ያለበትን ዶቃ መሐል ላይ፣ ከፊት ሰክቼዋለሁ። ልጅቷ አይታ፣ "እንዴት አወቁ? አያቴም ሁልጊዜ ቦታው እዚያ ነው ትላለች" አለችኝ። አያቷ ሲናና ናቸው፤ ዓይናቸው ደከም ከማለቱ በቀር ደህና ናቸው።

"አያትሽ ማን ይባላሉ?" አልኳት፣ እያወቅሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ጠርቼው የማላውቀውን ስም ከልጅ ልጃቸው አፍ ልስማው ብዬ ነው።

"ራዚያ" አለችኝ።