አንዲት የቀረች ዐይን

በጃንሆይ ጊዜ ነገሌ ቦረና ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ነርስ ነበርኩ። የወታደር ሚስት ሆኜ ከሰሜን መጥቼ፣ ኦሮምኛውን ከገበያ ሴቶች ነው የለቀምኩት። የዐይን ሐኪም በስንት መከራ ከአዲስ አበባ ይመጣና ሁለት ቀን ብቻ ይቆያል፤ በመጀመሪያው ቀን ይመረምራል፣ በማግስቱ ኦፕራሲዮን ያደርጋል።

አንድ ጊዜ ከአሬሮ በኩል አንዲት የቦረና እናት መጡ። አማርኛ አይሰሙም። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ዞሮ አንዱን ዐይን ጨርሶታል፤ የቀረውንም እየፋቀው ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ ነው ላም የሚያልቡት። ሐኪሙ የዐይን ቆባቸውን ገልብጦ አየና በማግስቱ እንዲመለሱ ነገራቸው። እኔ ጓዳ ገብቼ የኦፕራሲዮን ዕቃ እየቀቀልኩ ነበር።

በማግስቱ ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ፣ ወፍ የለም።

«ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ እኮ!» አለ ሐኪሙ ተቆጥቶ። «ትከሻቸውን ይዤ፣ ነገ፣ እማማ፣ ነገ! አልኳቸው። እሳቸውም ናጋ፣ ናጋ እያሉ ወጡ። ገብቷቸዋል።»

ወይ ጉዴ! ወገቤን ይዤ ቀረሁ። የእኛ «ነገ» በእሳቸው ጆሮ «ናጋ» ነው፤ ሰላም ማለት። ሰላም ነዎት፣ ይሂዱ ብሎ አሰናበታቸዋ! ነገን «ቦሩ» ነው የሚሉት። ድንቄም ሐኪም! ግድግዳ ለይቶን ቆሜ ቢጠራኝ ምን ነበረበት?

ከሰዓት አውሮፕላኑ ይዞት ሄደ። እኔ ባሌን ለምኜ በወታደር ካሚዮን አሬሮ ድረስ ወረድኩ። ሌላ ሐኪም እስኪመጣ ፀጉሩን መንቀል እንዳይተዉ ልነግራቸው ነበር። ሰፈራቸው ግን ዝናብ ተከትሎ፣ ከብቱን ነድቶ ሄዷል። ላገኘሁት መንገደኛ ሁሉ መልእክት ሰጥቼ ተመለስኩ።

መልእክቱ የደረሳቸው ክረምትና በጋ ካለፈ በኋላ ነው። ሌላ ሐኪም በመጣ ጊዜ ዘመድ እጃቸውን ይዞ እየመራ አመጣቸው። በድምፄ አወቁኝና እጄን ሳሙኝ።

«ወረንጦውስ?» አልኳቸው።

«ጣልኩታ! ሐኪሙ ናጋ ብሎኝ ምን ልንቀል?»

አዲሱ ሐኪም ዐይናቸውን ገልጦ አየ። ብሌኑ ነጭ ሆኗል። ወደ እኔ ዞር አለና በአማርኛ፣ «አልቋል፤ የምሠራው የለም። ነገ ወደ ቤታቸው ይመለሱ» አለኝ።

ከዚያ ሁሉ አማርኛ እማማ አንዷን ቃል ለቀም አደረጉ። ፊታቸው በራ።

«ናጋ አለ?»

«የለም እማማ፣ ቦሩ ነው ያለው።»

«ቦሩ ምን?»

«ቦሩ ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ» አልኳቸው።

«ዐይኔስ?» አሉኝ።