ፓሪስ ላይ የያዝኩት መርዶ

ይህንን ለባሌ አልነገርኩትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ ጾም ሲገባ ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የገደፍኩትን ጾም ስዘረዝር ይህችን ብቻ እዘልላታለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። መንገድ ላይ ብታገኙኝ ሰላም ብላችሁኝ ታልፋላችሁ፤ ደግ ሴት እመስላለሁ።

የባሌን እናት እማማ ዘነበችን የእህታቸውን ቀብር ያስቀረሁባቸው እኔ ነኝ። አውሮፕላን አይደለም፣ ዕድላቸውም አይደለም። እኔ ነኝ።

እማማ ሲያትል የመጡት ልጃችን ናሆም ሲወለድ እኔን ሊያርሱ ነው፤ በዚያው ቀሩ። ኦቴሎ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለችው ጠባብ አፓርታማችን ናሆምን አዝለው አሳደጉልኝ። ሬድመንድ ሥራ ውዬ ስመለስ ልጁ በልቶ፣ ታጥቦ ይጠብቀኛል። ውለታቸውን አልክድም። ግን ጠዋት ጠዋት በራቸውን ዘግተው አዲስ አበባ ላሉት ታላቅ እህታቸው ኮል ያደርጋሉ። እቴቴ ነው የሚሏቸው፤ እናታቸው በልጅነት ስለሞተችባቸው ያሳደጓቸው እቴቴ ናቸው። ግድግዳችን ደግሞ ስስ ነው። ልጄን አከሳችብኝ ይላሉ። ቆንቋና ናት፣ እንግዳ ሲመጣ ፊቷ አይፈታም ይላሉ። ሁሉንም እሰማለሁ። ሰምቼ እወጣና ጎንበስ ብዬ እንደምን አደሩ እላቸዋለሁ። አንቱ እያልኩ ነው ቂም የያዝኩባቸው።

እቴቴ ታመሙና እማማ ካልሄድኩ ብለው አለቀሱ። ባሌ የጭነት መኪና ነው የሚነዳው፤ ፈቃድ ስላላገኘ አንቺ ይዘሻት ሂጂ አለኝ። ኦኬ አልኩ። ኦኬ ያልኩት ለእማማ አዝኜ መሰላችሁ? ፓሪስን ለማየት ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ኤፍል ታወር ሥር የተነሱትን ፎቶ ጠረጴዛቸው ላይ ደርድረው እኔ ስንት ዘመን አያለሁ? ሶ ትኬቱን ቡክ ሳደርግ ፓሪስ ላይ ሦስት ቀን እንድናርፍ አደረግኩ። እማማ ምነው በቀጥታ አይሄድም ወይ ሲሉኝ፣ አየር መንገዱ ነው እንዲህ የሚያደርገው አልኳቸው። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት አይደሉም፤ ስላመኑኝ ነው ዝም ያሉት።

ፓሪስ በገባን በሁለተኛው ቀን ጠዋት እማማ ሻወር ቤት ገብተው ሳለ ስልኬ ጠራ። የእቴቴ ልጅ ስንዱ ናት። እናቷ ሌሊቱን አርፈዋል። ድምጿ ተዘግቷል፣ ግን የምትለውን አሳምራ ታውቃለች። ለእማማ እንዳትነግሪያት አለችኝ። በባህላችን መርዶ በሰው አገር፣ በስልክ፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ አይነገርም፤ እኔም አውቃለሁ። ከዚያ እንዲህ አለች፤ "ዛሬ ማታ አውሮፕላን ካለ አምጪያት። ቀብሩን እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት እናቆየዋለን። ሳትሰናበታት እንዳንቀብርባት።"

ልየው አልኳት። አየሁም። ስልኬን ከፍቼ ፈለግኩ፤ የማታው አውሮፕላን ቦታ ነበረው። ሞልቶ የተረፈ ቦታ። ጣቴ እዚያው ላይ ነበር። የሻወሩ ውሃ ሲንሿሿ ይሰማኛል፣ እማማ በውስጡ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? የኤፍል ታወሩ መግቢያ የተቆረጠው ለነገ ነው ብዬ አሰብኩ። ሴትዮዋ እንደሆነች ሞታለች፣ ብንደርስ ባንደርስ ምን ትሆናለች ብዬ አሰብኩ። ከሁሉ በታች ግን ሌላ ነገር ነበረ፤ እስቲ እማማ አሁን ለማን ያሙኛል አልኩ በሆዴ። ደስ አለኝ። ይህችን ቃል ላሳምራት አልፈልግም፤ ደስ ነው ያለኝ። ለስንዱ ሞልቷል፣ ምንም ቦታ የለም ብዬ ጻፍኩላትና ጫማዬን አደረግኩ።

የዚያን ዕለት ኮረብታው ላይ ያለውን ነጩን ቤተ ክርስቲያን አየን። ደረጃው ብዙ ነው፣ የእማማ ጉልበት ደግሞ ያማቸዋል፤ እየተቀመጡ፣ እየተነሱ ወጡት። ውስጥ ሲገቡ ነጠላቸውን አጣፍተው ሻማ አበሩ። ለእቴቴ ነው አሉኝ፣ ምሕረት እንዲያወርድላት። አንቺም አብሪላት አሉኝ። ያልኳችሁን አስታውሱ፣ እቴቴ ሞተዋል፣ እኔ አውቃለሁ። አበራሁ። እማማ ተንበርክከው ለሞተች ሴት ጤና ሲለምኑ አጠገባቸው ቆሜ የጣሪያውን ሥዕል ፎቶ አነሳሁ። ሲነሱ ልቤ ቅልል አለኝ፣ ትድናለች አሉኝ። ይድናሉ እንጂ አልኳቸው።

በማግስቱ ኤፍል ታወር ወጣን። የቀብሩን ሰዓት ልቤ ያውቀው ነበር። እማማ አጥሩን ይዘው ወንዙን፣ ድልድዩን፣ ታች እንደ ጉንዳን የሚርመሰመሰውን ሰው እያዩ እንደ ልጅ ሳቁ። እቴቴ ይህን ብታይ ምን ትል ይሆን አሉ። እኔስ ምን አልኩ? "ሲደርሱ ያሳዩዋቸዋል፤ ይሳቁ እስቲ ላንሳዎት" አልኳቸው። ሳቁልኝ። አዲስ አበባ እህታቸው ላይ አፈር ሲመለስ እማማ ፓሪስ ላይ ጥርሳቸውን አሳይተው ለእኔ ይስቁ ነበር። ፎቶው ግሩም ሆኖ ወጣ።

አዲስ አበባ እንደገባን ዘመድ ተሰብስቦ ሊነጋጋ ሲል መርዶውን ነገሯቸው። ደረታቸውን ደቁ፣ ፊታቸውን ነጩ። እንባቸው ሲያልቅ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቼ ተቀበረች? ሲነግሯቸው ቀኑን ሊቆጥሩ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩና መሃል ላይ ተዉት። ለቀስተኛው ግን እኔን ሲያመሰግን አይጣል ነው። ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ፣ እየሳቀች፣ እያዝናናቻት ማምጣቷ፤ ምን ዓይነት አንጀት ነው የሰጣት አሉ። ጉንጬን ሳሙኝ። መርዶ መያዝ ለሌላው ሸክም ነው፤ ለእኔ መደበቂያ ሆነኝ። ባህሉ የሰጠኝን ነጠላ ለብሼ ከለቀስተኛው መሃል ተቀመጥኩ፤ ማንም አልጠረጠረኝም።

እማማ ግን ጠርጥረዋል። ሲያትል ከተመለስን በኋላ፣ ባለፈው ፍልሰታ ሊቆርቡ ተሰናዱ። ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ፣ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ኤርፖርት የሚሠራ ሰው ስለ በረራ ሲያወራ ከፓሪስ ማታ ማታ አውሮፕላን እንዳለ፣ በዚያን ሰሞን ደግሞ ባዶውን ይሄድ እንደነበር ነግሯቸው ኖሯል። መቁረቢያቸው ሲደርስ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው መኝታ ቤቴ ገቡና በሩን ዘጉት።

"እውነት ቦታ ጠፍቶ ነው?" አሉኝ።

"ጠፍቶ ነው፣ እማማ።"

"ናሆም ይሙት በይኝ።"

ናሆም ሳሎን ውስጥ ጌም ይጫወታል፣ ሲስቅ ይሰማናል። አንድ ልጄ ነው። እሳቸው በጀርባቸው ያሳደጉት ልጅ ነው። ያን ጊዜ እውነቱን ብናገር ምን እሆን ነበር? ቤቴ ይፈርስ ነበር? ባሌ ይጠላኝ ነበር? ይህ ሁሉ ሰበብ ነው፤ አሁንም ሰበብ እየፈለግኩ ነው። አፌን የያዘው ማንም የለም።

"ናሆም ይሙት" አልኩ።

እማማ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እንባቸው መጣ። "ተመስገን" አሉ፤ "ጠርጥሬሽ ነበር፣ ልጄ። ይኸው ስንት ጊዜ ቂም ይዤብሽ። አሁን ልቆርብ ነው፣ በዚህ ሆዴ አልቀርብም። ይቅር በይኝ።" ይህንን ብለው ተነሱና እግሬን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። በዚያ ጉልበታቸው። ሰው ቢሆን ገና ጎንበስ ሲሉ ይዞ ያነሳቸዋል። እኔ ግን ወለሉ ድረስ እስኪወርዱ ጠበቅኩ።

ከዚያ ይቅር ብያለሁ አልኳቸው።