ለጎረቤት የሚጮህ ደወል

ጋሽ ሜትር የሚለውን ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። በር ይሁን ቁም ሣጥን፣ አናጢው ገና ከደጅ ቆመው ልኩን በዓይናቸው ይናገሩና ሜትሩን የሚዘረጉት ሰው እንዲያምናቸው ብቻ ነበር። ጆሯቸው ግን የዓይናቸውን ያህል አልታደለም። ዕድሜ ልካቸውን አጠገባቸው ሲጮህ የኖረው የመጋዝ ማሽን መስማታቸውን ይዞባቸው ሄዷል። ጠጋ ብለው በወፍራሙ ካናገሯቸው ይሰማሉ፤ ቀጭን ድምፅ ጨርሶ አይደርሳቸውም። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ይኼ ችግር ሆኖባቸው አያውቅም። በር ሲንኳኳም ሆነ ድስት ሲገነፍል ትከሻቸውን ነካ ያደርጓቸዋል፣ በቃ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ያንን ትከሻ የነካው ሰው የለም።

ታዲያ አንድ ቀን ድስት ጥደው ሥራ ቤት ገቡና ወንበር ሲልጉ ረሱት። ሽታው ደርሶ ሲሮጡ መጋረጃው ነዶ ግድግዳው ጠቁሯል። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ነገሩን ስታውቅ በስልክ መልእክት ቁርጡን ነገረቻቸው። "አባዬ፣ ወይ የጭስ ደወል ታስገባለህ፣ ወይ ቤቱን ሸጠህ እኔ ጋ ትመጣለህ።" የልጃቸውን ቤት ያውቁታል። ደግ ቤት ነው፤ ግን ሰጋቱራ የሚወድቅበት ቦታ የለውም። እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጦ መዋል ለሳቸው በቁም መቀበር ነበር።

ስለዚህ ሱቅ ሄደው በባትሪ የሚሠራውን፣ ርካሹን ገዙ። ራሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው ኮርኒሱ ላይ ገጠሙት። መሞከሪያውን ሲጫኑት ጣታቸው ሥር ተርገበገበ። ይሠራል ብለው ፎቶውን ለልጃቸው ላኩ።

ወራት አለፉ። አንድ ከሰዓት በኋላ መላጊያቸውን ይዘው እንዳጎነበሱ ትከሻቸው ተነካ። ዞረው ከማየታቸው በፊት የመጣላቸው የማን እጅ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። የነካቻቸው ግን ከግድግዳቸው ወዲያ የምትኖረው ነርስ ናት። የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ቀን ቀን ትተኛለች፤ ከሰላምታ አልፈው አውርተው አያውቁም። አንኳኩታ አንኳኩታ ሲያቅታት ገብታለች።

"ጋሼ፣ እባክዎ ያንን ነገር አንድ ይበሉልኝ" አለች ጆሯቸው ሥር። "ሰሞኑን እንቅልፍ ነሳኝ እኮ።"

"የቱን ነገር?"

"ደወሉን ነዋ። ባትሪው አልቆ ጢጥ ጢጥ ይላል። ጆሮ ዳባ ልበስ ያሉኝ መስሎኝ ተቀይሜዎት ነበር።"

ጋሽ ሜትር ወደ ኮርኒሱ ቀና አሉ። ቀይ መብራቷ ብልጭ ትላለች፤ ድምፅ ግን የለም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ይመስላቸው ነበር፤ ለካ ለደወልም ይሠራል። እሳት ቢነሳም እኮ ያው ነው፤ ጎረቤት ይሰማል፣ እሳቸው ይቃጠላሉ። አፈሩም፣ ፈሩም።

በማግስቱ ነርሷ የምታውቀውን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ላከችላቸው።

"የባትሪው ብቻውን ነው የሚጮኸው" አለ ሰውዬው ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ባትሪውንም የሚከታተልለት ሰው ይፈልጋል። የመስመሩ በቤቱ መብራት ነው የሚሠራው፤ መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ ውስጡ አለው። ደግሞ ሁለት ሦስቱ በሽቦ ይያያዛሉ፤ አንዱ ከጮኸ ሁሉም ይጮኻል። ግን ጋሽ ሜትር፣ አይቀየሙኝና፣ አንድም ይሁን አሥር ማን ሊሰማው ነው?"

"በብርሃን የሚያስጠነቅቅ የለም?"

"አለ። የተኛ ሰው ግን ብርሃን አያይም።"

ጋሽ ሜትር ከነርሷ ጋር የሚጋሩትን ግድግዳ በዓይናቸው ለኩት። ቀጭን ነው፤ ሽቦ ያሳልፋል። የከበዳቸው ግድግዳውን መብሳት ሳይሆን ሄዶ መለመን ነው። ሰው ሲለምናቸው እንጂ ሰው ለምነው አያውቁም። ደጇ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን በእጃቸው ሲያሹ ቆዩ።

"ልጄ፣ አንዱ ደወል አንቺ ቤት ቢሰቀልስ? የኔ ሲጮህ ያንቺም እንዲጮህ።" ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ። "እኔ አልሰማም።"

"ይሰቀል እንጂ ጋሼ፣ ምን ገዶኝ" አለች። "ግን ማታ ማታ ሥራ ላይ ነኝ፤ ሌሊት ባዶ ቤት ነው የሚጮኸው።"

"ቀኑ ይበቃኛል።"

ተሰቀለ። ሠራተኛው ሲሞክረው ጋሽ ሜትር ውጭ ቆመው የሷን በር ያዩ ነበር። ብቅ ብላ፣ ሰማሁ ለማለት እጇን አነሳችላቸው። ያን ዕለት ሙሉ ደስ ሲላቸው ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ሜትር ምድጃ የሚለኩሱት እሷ ቤቷ ውስጥ ስትሆን ነው። አመሻሽ ላይ ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ በመስኮት ያዩና ምድጃውን ያጠፋሉ፣ ከሥራ ቤት እስከ መኝታ ቤት ያለውን ሶኬት ሁሉ ይነቅላሉ፤ እራታቸውን ቀዝቃዛውን ይበላሉ።

ልጃቸው የአዲሱ ደወል ፎቶ ሲደርሳት ተደሰተች። ቤት የመሸጡን ነገር ተወችው። ቀጥላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። "አባዬ፣ ሌሊት የሚሰማልህ ሰው አለ?"

ጋሽ ሜትር በመስኮት ወደ ነርሷ ቤት አዩ፤ ጨልሟል። "አለ" ብለው ጻፉላት፤ ከዚያም ያልተነቀለ ሶኬት እንዳይኖር ለማየት ተነሡ።